የማዳበሪያ ኮርኒስ

በሰው ቤት ላይ የማልነቅለውን ሚስማር አልመታም። ይህን ሕግ ያወጣሁት ራሴ ነኝ፤ ያስተማረኝ ግን ቡሬ ያከራየን ሰውዬ ነው።

ቡሬ እህል በረንዳ ሸክም በምሠራበት ጊዜ ከባለቤቴ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን ነበር። ስንገባባት የከብት ማደሪያ ትመስል ነበር። ባለቤቴ ጭቃና ጭድ አቡክታ ስንጥቁን ደፈነች፤ እበትና አመድ ደባልቃ ለቀለቀችው፤ ከወንዝ ዳር ቀይ አፈር አምጥታ ግድግዳውን ከሥር በኩል ዙሪያውን መቀነት አስታጠቀችው። እኔ ከተሰባበረ ሳጥን መደርደሪያ ሠርቼ በሚስማር ቸነከርሁት። አማረ። አከራዩ መጣ፤ በሩ ላይ ቆሞ ግራ ቀኙን አየ።

«እጃችሁ ይባረክ» አለን።

ብዙም ሳይቆይ ልጄ ከአዲስ አበባ ሊመጣብኝ ነውና ክፍሉን ልቀቁልኝ አለ። ለቀቅን። ልጅ የተባለው ሰውዬ ፍራሹን ተሸክሞ ሲገባ ደጅ ቆሜ አየሁት፤ ከአባቱ ጋር ገና ስም እየተጠያየቁ ነበር። መደርደሪያዬ ከግድግዳው አልላቀቅ ብሎኝ እዚያው ቀረ።

ከዚያ ወዲህ «እጅህ ይባረክ» የሚለኝን ሰው ደህና አድርጌ ነው የማየው። ምርቃት በኪራይ ቤት ውስጥ ሲሰማ ትርጉሙ ዕቃህን ሰብስብ ነው።

ፍኖተ ሰላም የገባነው አንድ የእህል መጋዘን ጆንያ ሰፊ ፈልጎ እኔን ስለወሰደኝ ነው። ወገቤ ሸክም እንቢ ብሎ ነበር፤ እጄ ግን ደህና ነው። ክፍል ያከራዩን አንዲት አሮጊት ናቸው። ባላቸው ሞተውባቸው፣ ማንኩሳ በኩል ያለ መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ሰጥተው፣ ከተማ የተቀመጡ ሴትዮ ናቸው። እማማ እንላቸዋለን። የሳቸው ቤትና የእኛ ክፍል የሚለዩት በአንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። እሳቸው ሲያነጥሱ እኛ ከወዲህ «ይማርዎ» እንላለን፤ እኛ ስንጨቃጨቅ እሳቸው ከወዲያ «ኧረ ተዉ» ይላሉ።

ክፍሏ ጠባብ ናት። አልጋው ከገባ በኋላ ሰው የሚቆምባት በተራ ነው። ነገር ግን በሯ ወደ መንገድ ነው። ባለቤቴ ከደጃፉ ተቀምጣ ቆሎ ትሸጣለች፤ ወደ መናኸሪያ የሚወርደው ሁሉ በፊቷ ያልፋል። ገና የገባን ዕለት ይህን አየችና እንዲህ አለችኝ፦

«ስማኝ ሰውዬ። ይኸ የመጨረሻው ነው። ከዚህ ካስወጡን እኔ እህቴ ዘንድ እገባለሁ። ሌላ የሰው ግድግዳ አልለስንም። አንተ እንደ ፈለግህ።»

እህቷ ያለችው ከቡሬ ወጣ ብሎ ገጠር ነው። ባለቤቴ የምትፎክር ሴት አይደለችም፤ እገባለሁ ካለች ትገባለች። እኔም ያን ዕለት ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ገባኝ። ያችን ክፍል ካጣሁ ሚስቴንም አጣለሁ ማለት ነው።

የክፍሏ ጠንቅ ከላይ ነበር። ቆርቆሮውን የተሸከሙት የባሕር ዛፍ እንጨቶች ነቅዘዋል። ሌት ተቀን ነጭ ዱቄት ያወርዳሉ። ወጡ ላይ ይወርዳል፣ ትራሱ ላይ ይወርዳል፣ ዓይን ውስጥ ይገባል። ባለቤቴ የቆላችውን ቆሎ ሰፌድ ላይ ዘርግታ ዞር ስትል አመድ የተነሰነሰበት መስሎ ይቆያታል። እንዲህ ያለውን ቆሎ ማን ይገዛል?

«ኮርኒስ ያስፈልገዋል» አለች።

«በምን?» አልኋት። «እንጨቱንስ፣ ጨርቁንስ በምን ልትገዢው ነው?»

«በማዳበሪያ ነዋ። አንተ ጆንያ ሰፊ አይደለህም?»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። በእኛ አገር ማዳበሪያ ማለት ገበሬው ማሳው ላይ የሚበትነው ነው። ማዳበሪያ ማለት ደግሞ ያ ነገር የመጣበት ከረጢት ነው። ከረጢቱ ባዶ ሆኖ፣ ታጥቦ፣ ጤፍ ቢያዝበት፣ ከሰል ቢሞላበት፣ ልብስ ቢታሰርበትም ያው ማዳበሪያ ነው። ስሙ አይለቀውም። ሁሉም ስለሚያውቀው ማንም አያስበውም። እኔም አላሰብሁትም።

ባለቤቴ የአዊ ልጅ ናት። ከእህቷ ጋር በስልክ የምታወራው በአገውኛ ነው። እኔ አገውኛ አልሰማም፤ ሁለቱ ሲስቁ በእኔ የሚስቁ ይመስለኛል። ያን ሰሞን ኔትወርኩ ደካማ ስለነበረ እየጮኸች ነበር የምታወራው። ከዚያ ሁሉ ወሬ መሐል እኔ የምለያት አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። ማዳበሪያ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ ማዳበሪያ። እህቷ ከጎረቤት ገበሬ ሁሉ ባዶ ባዶውን እየለመነች እንድታጠራቅምላት ነበር የምትነግራት። ይህን የማውቀው ባለቤቴ ስለ ነገረችኝ ነው። ያልተነገረው ሰው ምን ሊመስለው እንደሚችል ያን ጊዜ አልጠየቅሁም።

እህቷ ሌሎቹን ሁሉ አጣጥፋ አንዱ ውስጥ ጠቅጥቃ፣ አፉን ሰፍታ፣ በሚኒባስ ላከችው። መናኸሪያ ሄጄ ተቀበልሁ። ሲያዩት ያልተነካ ማዳበሪያ ነው። እኔ ደግሞ አከራያችን ቤት ልናሳምር ነው ብለው እንዳያውቁብን ፈርቼ፣ ከሰዓት በኋላ ሰው ሲቀንስ ጠብቄ፣ ጋቢዬን አልብሼ በጓሮ በኩል አስገባሁት። እንደገና ላከች። እንደገና ጋቢ አልብሼ አስገባሁ። ሌባ እንኳ እንዲህ አይጠነቀቅም።

ማሳመር የሚፈልግ ሰው ካለ አሠራሩ እንዲህ ነው። ማዳበሪያውን በጎኑ ትተረትረውና ትዘረጋዋለህ። ወንዝ ወስደህ ውኃው እስኪጠራ ታጥበዋለህ፤ ካላጠብኸው ሽታው ያስለቅሳል። ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለህ። ጽሑፍ ያለበትን ፊት ወደ ቆርቆሮው፣ ነጩን ጀርባ ወደ ሰው ታደርገዋለህ። አንዱን ጫፍ በሌላው ላይ በጣት ስፋት ትደርበዋለህ። ክር አትገዛም፤ የማዳበሪያው አፍ የተሰፋበት ክር ራሱ ይበቃል። ከዚያ በጆንያ መርፌ ትሰፋለህ። እኔ የሰፋሁት የጆንያ አፍ በምሰፋበት ስፌት ነው፤ ያ ስፌት ጫፉን ለሚያውቅ ሰው አንድ ጊዜ ሲሳብ ተርተር ብሎ እስከ መጨረሻው ይፈታል። ገመድ በአራቱም ግድግዳ ራስጌ አዙሬ፣ ገመዱን በቆልማማ ሚስማር ከእንጨቶቹ ጋር አያያዝሁና ሸራውን ወጠርሁት።

ባለቤቴ ከሥር ሆና ታያለች።

«መጨረሻውን ለምን አትቋጥረውም?»

«ቋጠሮ ባለርስት ለሆነ ሰው ነው» አልኋት። «ሂዱ ያሉን ዕለት ጫፏን ስቤ፣ ጠቅልዬ፣ ኮርኒሴን በብብቴ ይዤ እወጣለሁ።»

«ካንተ ጋር መኖር እንዴት ያስደስታል!» ብላ ወደ ቆሎዋ ሄደች።

ሌላውም እንዲሁ ነው የተሠራው። የቲማቲም ሳጥን ፈልጌ፣ በአሸዋ ፈትጌ፣ በገመድ አንጠልጥዬ መደርደሪያ አደረግሁት፤ አንድም ሚስማር ግድግዳው ውስጥ አልገባም። የዘይት ጀሪካን በወገቡ ቆርጬ የማንኪያ መያዣ አደረግሁት። ሌላ የሰው ግድግዳ አልለስንም ያለችው ባለቤቴ፣ የዚህን ግን አላስችል ብሏት በአመድና በነጭ አፈር ለቀለቀችው። አልከለከልኋትም። ግድግዳ ነቅሎ መውሰድ እንደማይቻል ግን ነገርኋት።

ኮርኒሱ ሥር የተኛሁበት የመጀመሪያው ጠዋት ትዝ ይለኛል። ዓይኔ ውስጥ ምንም አልወደቀም። ፀሐይ በቆርቆሮው ቀዳዳ ስትገባ፣ ከላይ ያለው ጽሑፍ በማዳበሪያው ውስጥ አልፎ ተገልብጦ ይታያል። እኔ ፊደል የቆጠርሁት ጢሜ መሸበት ከጀመረ በኋላ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው። መጀመሪያ በራሴ ያነበብሁት ቃል ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከሸክም ላይ ነው። ዩሪያ ይላል። ስንት ዘመን ጀርባዬ ላይ ተጽፎ ሲሄድ ኖሯል፤ ሌላው ያነበዋል፣ እኔ እሸከመዋለሁ። አሁን ደግሞ አልጋዬ ላይ ተንጋልዬ ተገልብጦም አነበብሁት። ደስ አለኝ። ደስ ሲለኝ ደግሞ የሆነ ነገር እንደሚመጣ አውቃለሁ።

መጣ። እማማ ጨው ልለምን ብለው ገቡ። ጨው ቤታቸው እንዳለ አውቃለሁ፤ ባለቤቴ ትናንት አብራቸው ገዝታለች። ቀና አሉ። ቆዩ። አንገታቸው እስኪያማቸው ቆዩ።

«ኧረግ! ቤቱ ሰው ሆነ» አሉ።

ባለቤቴ «ተመስገን» አለች።

«ሰው ሆነ። ሰው ይገባበታል» አሉና ጨውን ረስተው ወጡ።

ጎጃም ያደገ ሰው የተነገረውን ቃል እንደ ጎደሎ ብር አገላብጦ ያያል። ሰው ይገባበታል። ሰሙ ቤቱ ለሰው የሚሆን ሆነ ነው። ወርቁስ? ወርቁ ሌላ ሰው ይገባበታል፣ እናንተ ትወጣላችሁ ነው። የቡሬው አከራይ ቢያንስ ባላገርኛ ነው የተናገረው፤ እኚህ ቅኔ ዘረፉብኝ። ለባለቤቴ ስነግራት፦

«ሴትዮዋ ወደዱት እኮ ነው ያሉት!» አለች።

«የቡሬውም ወዶት ነው።»

ይህን ስል ፊቷ ተለወጠ። ሰፌዷን አንሥታ ወደ ደጃፉ ወጣች።

ከዚያ ቤቱን መደበቅ ጀመርሁ። በውጭ በኩል ያለውን ግድግዳ እንዳትነካው አልኋት፤ ልጡ ታየ፣ ጭቃው ረገፈ፣ እንዲያ ይሁን። በሩ ላይ ጥላሸት የጠጣ አሮጌ ጆንያ ሰቀልሁ። እማማ ሲያንኳኩ እኔ ወደ ውጭ እወጣና በሩን ከኋላዬ እዘጋለሁ። ጎረቤት ሊገባ ሲል «ታማለች» እላለሁ።

«ሬሳ የደበቅህ ነው የምትመስለው» አለችኝ ባለቤቴ። «ደግሞ እኔን አታሳምመኝ። ታማለች እየተባለ ቆሎዬን ማን ይገዛኛል?»

ግንቦት ገባ። የዚያ ዓመት ወሬ ሁሉ ማዳበሪያ ነበር። ገበሬው ማዳበሪያ ጠፋ ይላል፤ ነጋዴው መጣ ይላል፤ የመጣውን ያየ ሰው የለም። መጋዘኑ በር ላይ ሰው ቆሞ «እናንተ ዘንድ የለም?» ይላል፤ እኛ እህል ብቻ ነው የምንይዘው። እማማ ማንኩሳ ደርሰው ሲመለሱ ፊታቸው ጠቁሮ ነው። እኔ የፊታቸውን መጥቆር በእኛ ተረጎምሁት።

የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ኮርኒሱ ሸተተ። ቢታጠብም ርጥበት ሲያገኘው ያ የሚያቃጥል ሽታ ተመልሶ ይመጣል። ሽታው ግድግዳ አይዘውም። ሸራውም መርገብ ጀመረ። ነቀዙ ከላይ ሥራውን አላቆመም፤ ዱቄቱ እየተጠራቀመ ከስፌት ስፌት መካከል ሆድ ሆድ አወጣ። ከሥር ለሚያየው ሰው፣ ከላይ በመደዳ የተኙ ሙሉ ማዳበሪያዎች ይመስሉ ነበር። ለእኔ ግን ዱቄት ነው። የማውቀውን ነገር ሌላው ምን ብሎ እንደሚያየው ማሰብ አልለመድሁም።

ይህ በሆነ ሰሞን እማማ ደግ ሆኑ። ደግነታቸው አስፈራኝ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ በእሳቸው ደጃፍ ጠሩኝና በርከት ያለ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ አቀረቡልኝ።

«ብላ ልጄ። ጠውልገሃል።»

በላሁ። የሰው ድንች እየበሉ ሰውን መጠርጠር ይቻላል።

«ዛዲያ ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እግዜር ከላይ የሰጠውን፣ ከታች ላለ ማካፈል ጽድቅ ነው።»

ይኸው፣ መጣ አልሁ በሆዴ። «እማማ፣ የሰጠኝን ገና አልጠገብሁትም» አልኋቸው።

«ሁሉን አላልሁም። ግማሹን እንኳ ብትለቅልኝ።»

«ግማሽ አይለቀቅም። ለቀቅን ካልን ሙሉውን ነው።»

«ሙሉውንስ ብትለቅልኝ እኔ እጠላለሁ?» አሉና ዓይናቸው በራ። «ብቻ ዝናቡ ሳይጠነክር ቢሆን ነው የሚበጀኝ።»

የያዝሁትን ድንች መልሼ አኖርሁት። ክረምት ሳይገባ ውጡ ማለት ነው። ሌላ ሰው ይዘዋል።

«ባለቤቴን ሳልጠይቅ መልስ አልሰጥም» አልሁ።

«ጠይቃት። እሷ አትጨክንም፤ የሷ ወገን ነው ያመጣው።»

ይህን የመጨረሻውን አልተረዳሁትም። ያልተረዳሁትን ነገር ሁሉ ክፉ ነው ብዬ ነው የምይዘው፤ እንደዚያው ያዝሁት። ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኋት። ቆሎ እየለቀመች ነበር። መልቀሟን ሳታቆም ሰማችኝ። ከዚያ ተነሥታ ወንፊቷንና ልብሷን ሰበሰበች፤ አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ከትታ አፉን አሰረች፤ አልጋው እግር ሥር አስቀመጠችው። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

«ሲሉኝ እሄዳለሁ። አንድ ቀን አላስጠብቃቸውም» አለች።

ጥቂት ቀን ቆይቶ፣ ጠዋት ወደ መጋዘን ልወጣ ስል በሩ ተንኳኳ። እማማ ናቸው። አንድ ሰው አስከትለዋል፤ ጋቢ የለበሰ፣ ማጭድ መታጠቂያው ውስጥ የሻጠ፣ ስንቁን በብብቱ የያዘ። ሰውዬው እኔን ከማየቱ በፊት ጣሪያዬን አየ። ቤት የሚከራይ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጣሪያ ነው።

«እንዴት አደርህ?» አሉ እማማ።

«እግዜር ይመስገን።»

«ቤቱን ላሳየው ብዬ ነው።»

«ለማን?»

«ለሱ ነዋ።»

ወጥቼ በሩን በጀርባዬ ዘጋሁት። «ቤቱ ሰው አለበት» አልሁ።

«ሰው እንዳለበትማ እናውቃለን» አለ ሰውዬው። «ሌላ ምን እንዳለበት ነው የምናየው።»

«አንተ ማነህ የኔን ቤት የምታይ?»

«የማማ አራሽ ነኝ። ማሳው ተገላብጦ ሰማይ ሰማይ እያየ ነው።»

አራሽ ነኝ ማለቱ አላሳመነኝም። የቡሬውም ልጅ ነው ተብሎ ነበር።

«የሌለህ ከሆነ ምን አስፈራህ? አይተን እንውጣ» አለ።

«ያለው የኔ ነው። እያንዳንዷን በዚህ እጄ ነው የሰፋኋት!»

ወደ እማማ ዞረ። «ሰሙ? በአፉ አወጣው። ሰፍቶ አስቀምጦታል!»

«ልጄ» አሉ እማማ፣ «ያገሩ መሬት ጦሙን እያደረ፣ ያን ሁሉ ከላይ ጭነህ እንዴት እንቅልፍ ይወስድሃል?»

«በደንብ ነው የሚወስደኝ! ዓይኔ ውስጥ የሚወድቅ የለ!»

ከኋላዬ በሩ ተከፈተ። ባለቤቴ ናት። እኔን በትከሻዋ ገፋ አድርጋ፦

«ይግቡ እማማ። ወንድሜ አንተም ግባ። እዩትና እንገላገል» አለች።

ገቡ። ክፍሏ አራት ሰው ስለማትይዝ እኔ ደፍ ላይ ቀረሁ። ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ ጽሑፉ በሸራው ውስጥ ተገልብጦ ቦግ ብሏል። ሰውዬው ማንበቡን እንጃ፤ ያንን ምልክት ግን ከሩቅ ያውቀዋል።

«ይኸው! ዩሪያ!» አለና የባለቤቴን መጥረጊያ አንሥቶ በእጀታው አንዱን ሆድ ጎሰም አደረገው። ከበድ ብሎ ተወዛወዘ። «ሙሉ ነው እማማ! ሙሉ ነው!»

«ለኔ ለአሮጊቷ!» አሉ እማማ ደረታቸውን ይዘው። «እኔ ድንች እያበላሁህ!»

«ተው! እንዳትነካ!» ብዬ ወደ ውስጥ ስዘልቅ ማጭዱ ወጥቷል። በጫፉ ወጋና ሳበው። የማዳበሪያ መቀደድ ድምፅ አለው፤ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሰምቼዋለሁ፤ ያን ቀን ግን የተቀደደው የኔ ነው።

ወረደ። የከረመው ዱቄት ሁሉ አንድ ላይ ወረደ። ሰውዬው ራስ ላይ፣ አልጋው ላይ፣ ተሰጥቶ የነበረው ቆሎ ላይ። በመጨረሻ የአይጥ ጎጆ ወደቀ፤ ከራሱ ከማዳበሪያው ክር የተሠራ፣ የሚያምር ጎጆ። እሷም ቤት እያሳመረች ነበር።

ሰውዬው ነጭ ሆኖ ተንበረከከ። ከመሬቱ እፍኝ ዘገነ። በጣቱ ፈተገ። አሸተተ። ከምላሱ አስነካ። እማማ አፋቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ።

«ምንድን ነው?»

ሰውዬው እንትፍ አለ። «ነቀዝ ነው።»

«የምን ነቀዝ?»

«የእንጨት ነቀዝ እማማ። ዱቄት ነው። ከላይ ባዶ ነው።»

ከዚያ ባለቤቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች፤ ፀጉሯ ነጭ ሆኖ፣ ቆሎዋ ተበላሽቶ፣ መሳቅ ጀመረች። እስክታነባ ሳቀች።

«ማዳበሪያ… እማማ፣ ማዳበሪያ ፈልገው ነው?»

«ዛዲያ ምን ልፈልግ ኖሯል? ያን ሰሞን በቋንቋሽ እየጮህሽ ማዳበሪያ፣ ማዳበሪያ ስትዪ አልሰማሁም? ባልሽ በጋቢ ሸፍኖ ሲያስገባ አላየሁም? ሽታውስ?»

«ከረጢቱን ነው! ባዶ ከረጢቱን ነው እህቴን የለመንኋት!»

ሰውዬው አሁንም ሽንፈት አልዋጥለት ብሎ፦ «እና ከረጢት ለምን ከረጢት አይባልም?» አለ።

«አንተ ስንቅህን በምንድን ነው የያዝኸው?» አለችው።

በብብቱ የያዘውን ወረድ ብሎ አየ። «በማዳበሪያ» አለ።

እማማ መሳቅ ፈልገው ከንፈራቸውን ነከሱ። እኔ አልሳቅሁም። ኮርኒሴ እንደ ታረደ በግ ተንጠልጥሏል።

«እማማ» አልሁ፣ «ሰው ይገባበታል ያሉኝስ?»

«መቼ?»

«ጨው የለመኑ ዕለት። ቤቱ ሰው ሆነ፣ ሰው ይገባበታል አሉኝ።»

«ሰው ይገባበታል ማለት ሰው ይገባበታል ማለት ነዋ! ቀድሞ አይጥ ነበር የሚገባበት።»

«ግማሹን ልቀቅልኝ ያሉኝስ?»

«ማዳበሪያውን ነዋ ልጄ! አንተ ምን መስሎህ ነው?»

«ቤቱን።»

«ቤቱ የኔ አይደል እንዴ! የራሴን ቤት ግማሹን ልቀቅልኝ ብዬ አንተን ልለምን?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ግን ሰው እውነቱን ሲናገርም ከሥሩ ሌላ ነገር ሊኖር ይችላል።

ሰውዬው መጥረጊያውን ይዞ መጥረግ ጀመረ፤ ባለቤቴ ነጠቀችው። ይቅርታ ያለ የለም። እማማ ሲወጡ ደፉ ላይ ቆመው ግድግዳውን ዳበስ አደረጉ። «እውነትም አሳምራችሁታል» አሉ። ይህን ባይሉ ይሻለኝ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ቤቱን ሳይሆን ከላይ ያለውን ብቻ ነበር የሚያዩት። አሁን ደግሞ ቤቱን አዩት።

ስለዚህ ቅዳጁን አልሰፋሁትም። ባለቤቴ በየቀኑ ቀና ትላለች፣ እኔን ታያለች።

«ለምን አትሰፋውም?»

«የሚሉትን ልይ።»

«ብለዋል እኮ!»

«የሚሉትን አይደለም፤ የሚያደርጉትን።»

ዱቄቱ እንደገና ቆሎው ላይ ወረደ። የታሰረው ጓዟም አልጋው እግር ሥር እንደ ተቀመጠ ነው፤ አልፈታችውም። ወንፊት ሲያስፈልጋት ከጎረቤት ትዋሳለች እንጂ የራሷን አታወጣም። ሁለታችንም የእማማን በር እናዳምጣለን።

ሰኔ እያለቀ ማዳበሪያው ተገኘ። ከየት እንደ ተገኘ አልጠየቅሁም። እማማ ማንኩሳ ከርመው ጭቃ በጭቃ ሆነው ተመለሱ፤ ማሳው ተዘርቷል። በማግስቱ በራችንን አንኳኩ። እንደ ልማዴ ወጥቼ ከኋላዬ ልዘጋ ስል፣ ታጥቦ የታጠፈ ነገር እጄ ላይ አኖሩ።

«ይኸ ማዳበሪያ ነው» አሉ። ፈገግ አሉና፣ «ከረጢቱ» ብለው ጨመሩ። «ያ እጀ ሰባራ ለቀደደው።» አሉና ሄዱ።

ይዤው ገባሁ። ገልብጬ አራገፍሁት። ምንም የለም። አሸተትሁት። እጄን እስከ ጥጉ ድረስ ከትቼ ዳበስሁ። ባለቤቴ ታየኛለች።

«ምን ፈልገህ ነው?»

«እንጃ።»

ተረተርሁት። አልጋው ላይ ወጥቼ ቅዳጁ ላይ ለካሁት፤ በቃ። ይኸኛውን ጽሑፉን ወደ ሰው አዞርሁት፤ ደግሞ ቀና የሚል ሰው ቢመጣ ቀጥ ብሎ ያንብብ፣ ያልተማረውም ምልክቱን ይየው፣ የተደበቀ የለም። ዙሪያውን በዚያው በጆንያ አፍ ስፌት ሰፋሁት። መጨረሻው ላይ ስደርስ ጥቂት ቆምሁ። ከዚያ ክሩን ሁለት ጊዜ አጠላልፌ ሳብሁት፤ በጥርሴ አጠበቅሁት።

ባለቤቴ ከሥር ሆና አየች። የጆንያ ሰፊ ሚስት ናት፤ ስፌት ታውቃለች።

«ቋጠርኸው?»

«ክሩ አጥሮብኝ ነው» አልሁ።

ከአልጋው ስወርድ ጓዟን ከአልጋው እግር ሥር ስትጎትት ሰማሁ። አፉን ፈታችው። መጀመሪያ ያወጣችው ወንፊቱን ነው።

በማግስቱ እማማ ጨው ሊለምኑ መጡ። በሩን አልዘጋሁም። ገቡ፤ ቀና አሉ፤ እንደ ልማዳቸው ብዙ ቆዩ።

«እጅህ ይባረክ» አሉኝ።

አሜን ከማለቴ በፊት ፊታቸውን ደህና አድርጌ አየሁት።